ሹሙ ለሥልጠና ሲሄድ ፊርማው ከማን እጅ ይቀራል?

ስለ መንግሥት ሠራተኞች የአመራር ትምህርትና ስለ መልካ ጀብዱ ንግድ

ነጋዴ ከውጭ አገር ዕቃ ሲያስመጣ ሦስት ዓይነት ወጪ ይደርስበታል። አንደኛው የዕቃው ዋጋ ነው። ሁለተኛው የማጓጓዣው፥ የመድኑና የቀረጡ ወጪ ነው። እነዚህ ሁለቱ በመዝገብ የሚጻፉ፥ በደረሰኝም የሚታወቁ ስለ ሆኑ ነጋዴው ዋጋ ሲተምን አስቀድሞ ያስባቸዋል። ሦስተኛው ግን የመጠበቅ ወጪ ነው። ይኸውም ዕቃው ደርሶ፥ ቀረጡ ተከፍሎ፥ ሰነዱም ተሟልቶ ሳለ አንዲት ፊርማ ብቻ ስለ ጐደለች የሚባክነው ቀን ነው።

ይህች ፊርማ የምትጐድለው ሁልጊዜ ሹሙ ሰነፍ ወይም ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም። ባለ ጉዳይ በመስኮቱ በኩል ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ኃላፊው ሥልጠና ላይ ናቸው» የሚል ነው። ነገሩ የሚያስገርም ነው። ኃላፊው የሄዱት ሥራን እንዴት ማቀላጠፍ እንደሚገባ ለመማር ሲሆን፥ እርሳቸው እስኪመለሱ ድረስ ግን ሥራው ቆሞ ይጠብቃል።

የመንግሥት ሠራተኛ ይማር፥ የሥራ መሪም መሪነትን ይሠልጥን መባሉን የሚቃወም ነጋዴ የለም። ያልሠለጠነ ሹም ከሁሉ ይልቅ የሚጐዳው ነጋዴውን ነውና። ዳሩ ግን ማን ይሠልጥን፥ ምን ይሠልጥን፥ ሲሠለጥንስ ሥራው ከማን እጅ ይቆይ የሚሉት ጥያቄዎች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የውስጥ ጉዳይ ብቻ አይደሉም። የአስመጪውን፥ የላኪውንና የባለ ሱቁን ኪስ በቀጥታ የሚነኩ ናቸው።

ስለ መልካ ጀብዱ

«መልካ» ማለት በኦሮምኛ ቋንቋ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብላ የምትገኘው መልካ ጀብዱም ስሟ ያለ ምክንያት አይመስልም፤ ዛሬ የምታሻግረው ሰውና ከብትን ብቻ ሳይሆን የኢትዮጵያን ንግድ ሆኗልና። የኢንዱስትሪ ፓርክ የተሠራው በዚህ ወገን ነው። ነሐሴ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. በሀገራችን የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጣና ተመርቆ ሥራ የጀመረው በዚሁ በድሬዳዋ ነው። ከዚህም ጋር ደረቅ ወደቡ፥ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አውራ ጎዳናና ከአሮጌው ለገሃር ርቆ የተዘረጋው አዲሱ የባቡር ሐዲድ በአንድ የንግድ መስመር የተያያዙ ናቸው።

እንግዲህ አንድ ኮንቴይነር በዚህ መስመር ሲያልፍ ስንት መሥሪያ ቤት ደጅ ይረግጣል ብሎ ማሰብ ይገባል። የጉምሩክ ኮሚሽን አለ፤ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ድርጅት አለ፤ የባቡር ኩባንያው አለ፤ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን አለ፤ እንደ ዕቃውም ዓይነት የምግብና የመድኃኒት፥ የግብርና ወይም የደረጃ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት አለ። ከእነዚህም በላይ በ1996 ዓ.ም. በቻርተር የተቋቋመው የድሬዳዋ አስተዳደር የራሱ የንግድና የገቢ መሥሪያ ቤቶች አሉት። የእያንዳንዱ አለቃ የተለያየ ነው፤ ግማሾቹ ለአስተዳደሩ፥ ግማሾቹም አዲስ አበባ ላለው ዋና መሥሪያ ቤት ይታዘዛሉ። ስለዚህ በመልካ ጀብዱ የአንዱ መሥሪያ ቤት የቡድን መሪ ሥራውን ቢያፋጥን እንኳ፥ በሚቀጥለው መስኮት ያለው ባልደረባው ካልተከተለው ለባለ ጉዳዩ ያተረፈለት ነገር የለም።

መጠበቅ ስንት ያስወጣል?

ለምሳሌ ያህል አንድ አስመጪ በባንክ ብድር የ10 ሚሊዮን ብር ዕቃ አስመጣ እንበል። ወለዱ በዓመት ከመቶ 15 ቢሆን፥ የአንዱ ቀን ወለድ 4,110 ብር ያህል ይሆናል። የክፍሉ ኃላፊ ከሰኞ እስከ ዓርብ ለሥልጠና ቢሄዱና ዕቃው እስከሚቀጥለው ሰኞ 7 ቀን ቢቆም፥ ወለዱ ብቻ 28,770 ብር ይደርሳል። የመጋዘኑ ኪራይና ባዶው ኮንቴይነር ዘግይቶ በመመለሱ የሚከፈለው ገንዘብ፥ እንደዚሁም ዕቃውን ለመጫን ቀን ቈርጦ የመጣው የከባድ መኪና ባለቤት የሚጠይቀው ካሣ ገና አልተቈጠረም። ይህንም ሁሉ በመጨረሻ የሚከፍለው አስመጪው አይደለም፤ በመጋላና በአሸዋ ገበያ ከባለ ሱቁ የሚገዛው ሕዝብ ነው።

ላኪውም ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም። ቡና ላኪው ከባንኩ ጋር በተዋዋለበት የኤልሲ ቀን ካላስጫነ ውሉ ይበላሽበታል። የቁም ከብት ነጋዴ እንስሳቱ ቆመው በዋሉ ቍጥር መኖና ውሃ ይገዛል፤ ከብቶቹም ከሥጋቸው ይቀንሳሉ። ጫት ላኪው ደግሞ የሚቈጥረው ቀን ሳይሆን ሰዓት ነው፤ ዛሬ የተቈረጠ ጫት ነገ ዋጋው ይወድቃልና። ለእነዚህ ነጋዴዎች አንድ ፈራሚ ከወንበሩ መነሣቱ የአንድ ጭነት ትርፍ ማለት ነው።

ጥንት እንዴት ነበር?

በድሬዳዋ የጉምሩክ ሹመት ገና ከመጀመሪያው ትልቅ ነገር ነበር። ባቡር ሳይመጣ በፊት ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው የሲራራ ነጋዴ የሚያልፈው በጀልዴሳ ኬላ ነበር። ሐዲዱ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ድሬዳዋ በደረሰ ጊዜ ንግዱ ከግመል ጀርባ ወደ ባቡር ተዛወረ፤ ኬላውም ከባቡሩ ጋር ወደ አዲሱ ከተማ መጣ። የዚህም የባቡር ከተማ የመጀመሪያው አስተዳዳሪ የሆኑት አቶ መርሻ ናሁ ሰናይ አስቀድመው ጀልዴሳን ያስተዳድሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ የነጋዴውን ጠባይና የመንገዱን ችግር በሥራ ላይ ያወቁ ሹም ነበሩ ማለት ነው።

ከእርሳቸው በኋላ በድሬዳዋ የነጋድራስነት ሥራ ከሠሩት መካከል ስማቸው ከሁሉ የገነነው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። እኒህ ሰው በአውሮፓ የተማሩ፥ የባቡሩንም መሥመር በተቈጣጣሪነት ያዩ፥ ስለ ሀገር ሀብትና ስለ ንግድ በአማርኛ የጻፉ ሊቅ ነበሩ። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለው ጽሑፋቸው በአሥመራ ታትሟል፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ደግሞ እርሳቸው በ1911 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ለንባብ በቅቷል። ንግድ የሚያድገው ግብርና ቀረጥ በሥርዓት ሲወሰን፥ የመንግሥት ሹመትም በዕውቀት ሲያዝ መሆኑን ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው። ለዛሬው ሰው የሚጠቅመው ነገር ግን ይህን የጻፉት ከሩቅ ተቀምጠው ብቻ አለመሆናቸው ነው። ትምህርቱን ከውጭ ቢያመጡትም የሀገሩን ሥራ ከጉምሩኩና ከሐዲዱ አጠገብ ሆነው አይተውታል። መማርና መሥራት በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚያስገኙ ድሬዳዋ የራሷ ምስክር አላት።

የሥልጠናው ተቋማት

መንግሥት ሠራተኞቹን በትምህርት ቤት ማሠልጠን የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ1944 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የሕዝብ አስተዳደር ኢንስቲትዩት በተባበሩት መንግሥታት የሙያ ርዳታ ተቋቁሞ፥ በኋላ የሥራ አመራር ኢንስቲትዩት እየተባለ ለብዙ ዘመን የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን አሠልጥኗል። በ1950ዎቹ መጀመሪያም የመንግሥት ሠራተኛ ቅጥርና ዕድገት በአንድ ደንብ እንዲመራ የማዕከላዊ የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት ተመሠረተ። በ1987 ዓ.ም. የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ይህም ኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጓል። በሱሉልታ ያለው የአፍሪካ አመራር ልህቀት አካዳሚም ከፍተኛ የመንግሥት መሪዎች የሚሠለጥኑበት ስፍራ ነው።

ከተቋማቱ ሌላ የአሠራር ለውጦችም ተከታትለው መጥተዋል። በ1980ዎቹ ማለቂያ የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ተጀመረ። ከዚያም መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፥ ቀጥሎ ሚዛናዊ የውጤት ተኮር ሥርዓት፥ ቀጥሎም ከጃፓን የተወሰደው ካይዘን መጣ። ነጋዴው እያንዳንዱን በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ተዋውቆታል። ከእነዚህ ውስጥ የጠቀሙት አሉ። የሥራ ደረጃዎች ተቀንሰዋል፤ አንድ ጉዳይ በስንት ቀን ማለቅ እንዳለበት በይፋ መለጠፍ ተለምዷል፤ በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ደግሞ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶችን መስኮቶች በአንድ ጣራ ሥር አምጥቷል። እንግዲህ ሥልጠናና ለውጥ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። ጐድሎ የሚታየው ሌላ ነገር ነው።

ጉድለቱ ከምን ላይ ነው?

የመጀመሪያው ጉድለት ሥልጠናው ወደ ላይኛው ወንበር ማዘንበሉ ነው። ስለ መሪነት ሲነገር የሚታሰበው ዲሬክተሩ ወይም ሥራ አስኪያጁ ነው። በመልካ ጀብዱ ግን የነጋዴውን ዕጣ የሚወስነው ብዙ ጊዜ የቡድን መሪው፥ የፈረቃ ኃላፊው ወይም ፈታሹ ነው። የጉምሩክ ሥርዓት ሰነዱን አረንጓዴ መስመር ካሰጠው ዕቃው ያለ ፍተሻ ይወጣል፤ ቢጫ ከሆነ ሰነዱ ይመረመራል፤ ቀይ ከሆነ ዕቃው ይፈተሻል። በቢጫውና በቀዩ መስመር ላይ «ይህ ዋጋ ትክክል ነው፥ ይህ የታሪፍ ቍጥር ይስማማል» ብሎ የሚወስነው ያ በመስኮቱ በስተጀርባ ያለው ሰው ነው። እርሱ ለመወሰን ካልደፈረ ጉዳዩን ወደ በላዩ ይልካል፤ የበላዩም ወደ በላዩ ይልካል፤ ወረቀቱም አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል። ስለ መሪነት መማር የሚገባው እንግዲህ በመጀመሪያ ይህ ሰው ነበር።

ሁለተኛው ጉድለት ሥልጠናው ከሥራው መራቁ ነው። ሠልጣኙ ከመሥሪያ ቤቱ ወደ ሌላ ከተማ ተጕዞ በአዳራሽ ይቀመጣል፤ ስለ ራእይ፥ ስለ ተልእኮና ስለ እሴት ይሰማል፤ የምስክር ወረቀት ይዞ ይመለሳል። ሲመለስ ግን ያው ጠረጴዛ፥ ያው መመሪያ፥ ያው ፍርሃት ይቈየዋል። የተማረውን የሚፈትንበት አንድም የተወሰነ ጉዳይ አልተሰጠውም፤ ከሦስት ወር በኋላ ምን እንዳሻሻለም የሚጠይቀው የለም።

ሦስተኛው ጉድለት ዝውውር ነው። አንድ ኃላፊ የድሬዳዋን ነጋዴና የዕቃውን ጠባይ ለይቶ ማወቅ ሲጀምር ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ይዛወራል። አዲሱ ሰው ከፊደል ይጀምራል፤ ነጋዴውም አብሮት እንደገና ይጀምራል። ዝውውር ሙስናን ለመከላከል የሚጠቅምበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን የሚሄደው ለሚመጣው ሥራውን በጽሑፍ ሳያስረክብ ሲሆን፥ መንግሥት ለሥልጠናው ያወጣው ገንዘብ ከሰውዬው ሻንጣ ጋር አብሮ ይጫናል።

አራተኛውና ከሁሉ የከፋው በርእሱ የተነሣው ነው፤ ይኸውም ውክልና አለመስጠት ነው። በጥር ወር 2012 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ነጋዴው ወረቀት ተሸክሞ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት እንዳይዞር ብዙ ረድቷል። ዳሩ ግን የማጽደቁ የይለፍ ቃል በአንድ ሰው እጅ ብቻ ከሆነ፥ ያ ሰው ባልተገኘ ቀን የኤሌክትሮኒኩ መስኮት እንደ ጥንቱ የእንጨት መስኮት ይዘጋል። መሣሪያው ቢለወጥም ልማዱ አልተለወጠም ማለት ነው።

ከባቡሩ ምን እንማር?

ለዚህ ችግር መፍትሔ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ወደ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን፥ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ የንግድ ሥራውን ጀመረ። በዚያን ጊዜ ባቡሩን የሚያንቀሳቅሱት ሐዲዱን የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ። ውሉ ለ6 ዓመት የሚቈይ ሲሆን፥ የኢትዮጵያና የጅቡቲ ሠራተኞች በዚህ ጊዜ ውስጥ ሥራውን እየተማሩ እንዲረከቡ የታሰበበት ነበር። በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም. ርክክቡ ተፈጸመ፤ ኩባንያውም ባቡሩን በራሱ ሰዎች ማስተዳደር ጀመረ።

ባቡር በሥልጠና ምክንያት አይቆምም። ነጂው ሊማር ሲሄድ ሌላ ነጂ መሪውን ካልያዘ ባቡሩ አይነሣም፤ ስለዚህ ተተኪ ሳይኖር ማንም ከቦታው አይነሣም። ሠልጣኙም የሚማረው ከአሠልጣኙ ጎን ቆሞ፥ እጁን በሥራው ላይ አድርጎ፥ ኃላፊነቱን ቀስ በቀስ እየተቀበለ ነው። ይህን ሥርዓት ሐዲድ ላይ ከተቀበልነው በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ የማንቀበልበት ምክንያት አይታይም።

በሌላውም ዓለም የሆነው ይኸው ነው። ፈረንሳይ በ1945 እ.ኤ.አ. ከፍተኛ የመንግሥት ሠራተኞችን ለማፍራት ብሔራዊ የአስተዳደር ትምህርት ቤት ስታቋቁም፥ ተማሪዎቹ በየክፍላተ ሀገሩ አስተዳደርና በየኤምባሲው ተመድበው ሥራ እንዲለማመዱ አድርጋ ነበር፤ ይህ ትምህርት ቤት በ2022 እ.ኤ.አ. በሌላ ተቋም ቢተካም የልምምዱ ሐሳብ ግን ትምህርት ሆኖ ቀርቷል። ሕንድም በ1959 እ.ኤ.አ. በሙሱሪ ባቋቋመችው አካዳሚ ወጣት አስተዳዳሪዎቿን ከአዳራሽ ትምህርት በኋላ ወደ አውራጃ ትልካቸዋለች፤ እነርሱም ከአውራጃው ገዥ ሥር ሆነው የመሬት፥ የግብርና የጸጥታ ጉዳይ ሲፈጸም አይተው፥ ያዩትንም ይዘው ለተጨማሪ ትምህርት ይመለሳሉ። መሪነት በንግግር ብቻ የሚገኝ አለመሆኑን ሁለቱም አገሮች ተረድተውታል።

ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት፥ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በብራስልስ ያለው የዓለም የጉምሩክ ድርጅትም ለአባል አገሮች የጉምሩክ ኃላፊዎች የመሪነትና የሥራ አመራር ማጐልበቻ መርሐ ግብር አለው። ይኸው ድርጅት ሌላም ጠቃሚ መሣሪያ አዘጋጅቷል፤ ይኸውም ዕቃ ከደረሰበት ሰዓት እስከ ተለቀቀበት ሰዓት ያለውን ጊዜ በየደረጃው እየከፈሉ መለካት ነው። በዚህ መለኪያ መዘግየቱ ከጉምሩክ ይሁን ከሌላ ተቈጣጣሪ፥ ከባንክ ይሁን ከራሱ ከአስመጪው ወይም ከትራንዚተሩ በግልጽ ይታያል። ሥልጠና ጠቀመ አልጠቀመ ብሎ ለመከራከር ከዚህ የተሻለ ዳኛ አይገኝም። ከሥልጠናው በፊትና በኋላ ሰዓቱን መቍጠር ነው።

ስለ ሹሙም ይነገር

ነገርን ከአንድ ወገን ብቻ ማየት ግን ፍትሕ አይሆንም። የመንግሥት ሠራተኛው ለመወሰን የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በቅን ልቦና የፈረመበት ወረቀት ከሁለት ዓመት በኋላ በኦዲተር እጅ ይገባል። ለምን ይህን ዋጋ ተቀበልህ ተብሎ ይጠየቃል። ቢዘገይ ግን የሚጠይቀው የለም። የፈረመ የሚከሰስበት፥ ያልፈረመ የማይጠየቅበት አሠራር እስካለ ድረስ አስተዋይ ሰው አለመፈረምን ይመርጣል። ስለዚህ የመሪነት ትምህርት ዋናው ክፍል ሠራተኛው የሥልጣኑን ወሰን ለይቶ እንዲያውቅ፥ በዚያም ወሰን ውስጥ ሲወስን ምክንያቱን በጥቂት መስመር ጽፎ ከሰነዱ ጋር እንዲያያይዝ ማስተማር ነው። የበላዩም ትምህርት ይህን ምክንያት አንብቦ በቅን የተሳሳተውን ከሌባው መለየት ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት ለሠራተኛው መጠንቀቂያ ነው እንጂ መደበቂያ ሊሆን አይገባም።

በሌላም በኩል ነጋዴው ራሱን ይመርምር። ዋጋ ቀንሶ ኢንቮይስ የሚያሠራ፥ ከተጻፈው ሌላ ዕቃ የሚጭን፥ ወረፋ ለማለፍ ፖስታ የሚያቀብል ነጋዴ ለሹሙ ፍርሃትም ለሹሙ ብልሹነትም ምክንያት ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ክፉ አባባል የሚኖረው አብይ ስለ አለ ጭምር ነው። በ1993 ዓ.ም. የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ሲቋቋም ሕጉ የተቀባዩን እጅ ብቻ ሳይሆን የሰጪውንም እጅ እንደሚመለከት የታወቀ ነው። አንዱ በሐሰት ሰነድ በሚያተርፈው ገንዘብ የተነሣ የሌላው የእውነት ሰነድ በጥርጣሬ ዐይን ይታያል፤ አረንጓዴ መስመር የሚገባውም ቀይ ላይ ይወድቃል። ስለ ሆነም የሐቀኛ ነጋዴ ጠላቱ መስኮቱ ብቻ አይደለም፤ በጎኑ የተሰለፈውም ሐሰተኛ ነው።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

ከዚህ በላይ ከተገለጸው የሚወጣው ሐሳብ አምስት ነው።

አንደኛ፥ ማንኛውም ፈራሚ ለሥልጠና፥ ለስብሰባ ወይም ለዕረፍት ከመነሣቱ በፊት ተተኪውን በጽሑፍ ይወክል፤ የተወካዩም ስም በመስኮቱ ላይ ይለጠፍ። በኤሌክትሮኒክ ሥርዓቱም የተወካዩ ፈቃድ አብሮ ይከፈት። ይህ በጀት የማይጠይቅ፥ ዛሬውኑ ሊፈጸም የሚችል ነገር ነው። ጥቅሙም እጥፍ ነው፤ ተወካዩ በእነዚያ ቀኖች የሚያገኘው ልምድ ምናልባት ኃላፊው በአዳራሽ ከሚያገኙት ትምህርት ይበልጣልና።

ሁለተኛ፥ የመሪነት ሥልጠና ወደ ቡድን መሪውና ወደ ፈረቃ ኃላፊው ይውረድ፤ በተቻለም መጠን ወደ ሌላ ከተማ ከመጓዝ ይልቅ በድሬዳዋ ይሰጥ። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በደጃፍ እያለ መምህር ጠፋ ማለት አይቻልም። በሳምንት ግማሽ ቀን እየተፈራረቁ ቢማሩ መስኮቱ አይዘጋም።

ሦስተኛ፥ በመልካ ጀብዱ መስመር ያሉት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን በአንድነት ያሠልጥኑ። የጉምሩኩ ቡድን መሪ ከደረቅ ወደቡ፥ ከባቡሩና ከነፃ ቀጣናው ባልደረቦቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ አንድ እውነተኛ ኮንቴይነር የት የት እንደ ቆመ ቢመረምሩ፥ ከብዙ ንግግር የሚበልጥ ትምህርት ይሆናቸዋል። በ2016 ዓ.ም. የልዩ ኢኮኖሚ ዞን ዐዋጅ ወጥቷል፤ በዚያው ዓመት በውጭ ምንዛሪ ሕግ ላይ ትልቅ ለውጥ ተደርጓል። አዲስ ሕግ ሲወጣ አንዱ መስኮት በአንድ መንገድ፥ ሌላው በሌላ መንገድ እንዳይተረጕመው በኅብረት መማሩ ግድ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው ነው።

አራተኛ፥ የሥልጠናው ውጤት በምስክር ወረቀት ቍጥር ሳይሆን በዕቃ መልቀቂያ ሰዓት ይለካ፤ ሰዓቱም በየጊዜው ለንግድ ምክር ቤቱ ይገለጽ።

አምስተኛ፥ የሠለጠነ ኃላፊ የተማረውን በሥራ እስኪያሳይ ድረስ ለተወሰነ ጊዜ በቦታው ይቈይ፤ መዛወሩ ግድ ቢሆንም ሳያስረክብ አይነሣ።

የነጋዴው ድርሻ

የተከበሩ አስመጪዎች፥ ላኪዎችና ባለ ሱቆች ደግሞ ይህን ሁሉ ለመንግሥት ብቻ ትተው ሊቀመጡ አይገባም። በዐዋጅ ቍጥር 341/1995 የተቋቋሙት የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች ተግባራቸው በነጋዴውና በመንግሥት መካከል ድልድይ መሆን ነው። ድልድዩ ግን የሚሸከመው ነገር ይፈልጋል። «ያዘገዩናል» የሚል አቤቱታ በነፋስ ይበተናል፤ «ሰነዱ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ቀረበ፥ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ተለቀቀ፥ በመካከል እዚህ መስኮት ይህን ያህል ሰዓት ቆመ» የሚል ማስታወሻ ግን ሊመለስ የማይችል ማስረጃ ነው። እያንዳንዱ ነጋዴ ለእያንዳንዱ ጭነት አንድ ገጽ እንዲህ ቢመዘግብና በየወሩ ለምክር ቤቱ ቢያደርስ፥ በጥቂት ወራት ውስጥ የትኛው መስኮት ሰው እንደሚያስፈልገው፥ የትኛውስ ሥልጠና እንደሚያስፈልገው ያለ ሐሜት ይታወቃል። ነጋዴው በራሱ ጥፋት ያዘገየውም እንደዚሁ ይታወቃል፤ ይህም አይጎዳውም።

ውሳኔ የተጎዳ ነጋዴም ቅሬታውን ከመስኮት ጭቅጭቅ አውጥቶ በጽሑፍ ለቅሬታ አጣሪው፥ ካልተስማማውም በሕጉ ቀነ ገደብ ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ማቅረብ ይችላል። በጽሑፍ የቀረበ ቅሬታና በጽሑፍ የተሰጠ ውሳኔ ለሚቀጥለው ነጋዴም ለሚቀጥለው ሠልጣኝም መማሪያ ይሆናሉ።

የመሪነት ሥልጠና ትርጕሙ ኃላፊው ባለበት ጊዜ ሥራው መፍጠኑ ብቻ አይደለም፤ ኃላፊው በሌለበትም ጊዜ ሥራው አለመቆሙ ነው። ኃላፊው ለአንድ ሳምንት ሄደው የመልካ ጀብዱ ኮንቴይነር በተቈረጠለት ሰዓት ከወጣ፥ ያን ጊዜ ሥልጠናው ሳይጀመር ፍሬ አፍርቷል ማለት ይቻላል።